ከከተማው ዳር ለምንኖር፦ ለኮንትራት መኪናና ለግል ሾፌር ጉርሻ አሰጣጥ

ጉርሻ ከሂሳብ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በኮንትራት መኪና፣ በስልክ መተግበሪያ በሚጠራ ታክሲና በወር ደመወዝ በተቀጠረ ሾፌር ዙሪያ የሚፈጠረው ቅያሜ በአብዛኛው የሚነሣው የሂሳቡና የጉርሻው ድንበር ሲደበላለቅ ነው። ተሳፋሪው የመኪና ማቆሚያውን ከፍሎ ጉርሻ የሰጠ ይመስለዋል፤ ሾፌሩ ግን ከኪሱ ሊወጣ የነበረው ቀረለት እንጂ ያገኘው ነገር የለም። በሌላ በኩል ሾፌሩ ከተስማሙበት ዋጋ በላይ ሲጠይቅ ‹‹ለሻይ ነው›› ይላል፤ ተሳፋሪውም ጭማሪ መሆኑን እያወቀ ይከፍልና ቅር እያለው ይወርዳል። ከመሀል ከተማ ርቀን በአያት፣ በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ እንዲሁም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ጉዳዩ የዕለት ተዕለት ነው። አውቶቡስና ሚኒባስ ከምሽቱ ጋር አብረው ሲጠፉ፣ ሕመምተኛ ሲኖር፣ ከውጭ እንግዳ ሲመጣ፣ ሰርግና ለቅሶ ሲገጥም ሾፌር ማስቸገራችን አይቀርም።

ሂሳቡን አስቀድሞ መዝጋት

በመተግበሪያ በሚጠራ መኪና፣ ራይድም ይሁን ፈረስ ወይም ያንጎ፣ መድረሻ ላይ ስልኩ የሚያሳየው ቁጥር የሂሳቡ መነሻ ነው። ሾፌሩ ስለ እርስዎ ሲል በመንገድ ላይ ያወጣው ገንዘብ በዚያ ላይ ይደመራል፦ ‹‹ዕቃ ልግዛ›› ብለው ሲያስቆሙት ለፓርኪንግ ልጆች የከፈለው፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ሲጠብቅዎ ለማቆሚያ የተጠየቀው፣ በ2006 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አበባ አዳማ የክፍያ መንገድ ሲያልፉ የሚከፈለው ሁሉ የተሳፋሪው ወጪ ነው። ‹‹እዚህች ጋ ብቻ አውርደኝ›› ብለው ማቆም በተከለከለበት ቦታ ካስቆሙትና ትራፊክ ፖሊስ ከቀጣው፣ ቅጣቱም በእኔ አስተያየት የእርስዎ ዕዳ ነው። በርግጥ ሾፌሩ እንቢ ማለት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ደንበኛው ሻንጣ ይዞ ሲለምነው ‹‹ሕጉ አይፈቅድም›› ብሎ የሚጨክን ሾፌር ብዙ አይደለም፤ የጨከነውንም በመተግበሪያው ላይ ኮከብ ቀንሰን የምንቀጣው እኛው ነን።

የመጠበቂያ ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ ያጣላል። በመተግበሪያው ጉዞው እስካልተዘጋ ድረስ የቆመበት ጊዜም ይቆጠራል፤ በቃል በተኮናተረ መኪና ግን የሚቆጥር ማንም የለም። ‹‹አምስት ደቂቃ ጠብቀኝ›› ብሎ ሆስፒታል የገባ ሰው ካርድ አውጥቶ፣ ተራ ጠብቆ፣ መድኃኒት ገዝቶ ሲመለስ ሾፌሩ ሁለት ጥሪ አልፎታል። ስለዚህ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ሦስት ነገር ቢጠየቅ ኋላ ከሚመጣው ጭቅጭቅ ያድናል። ዋጋው መሄጃ ብቻ ነው ወይስ ደርሶ መልስ? ከነነዳጁ ነው ወይስ ነዳጁ በተከራዩ ነው? ከስንት ሰዓት በኋላ ነው መጠበቂያ የሚታሰበው? መልሱን በቃል ከመስማት ይልቅ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ቢያስቀሩት የበለጠ ነው፤ የሚያዘው ሰውና የሚሳፈረው ሰው ለየብቻ ለሆኑበት ጉዞ፣ ለምሳሌ ልጅ ለወላጆቹ መኪና ሲኮናተር፣ ይህ የግድ ያስፈልጋል።

ነዳጁ በእርስዎ ከሆነ ገንዘቡን ለሾፌሩ በእጁ ከመስጠት ማደያው ላይ ራስዎ በስልክዎ ይክፈሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ የሚቀዳው በቴሌብርና በመሳሰሉት የኤሌክትሮኒክ ክፍያዎች ስለሆነ ጥሬ ገንዘብ የተቀበለ ሾፌር ከራሱ ሒሳብ ከፍሎ በኋላ ማወራረድ ይኖርበታል። እርስዎ በቀጥታ ሲከፍሉ ግን ‹‹ስንት ቀዳህ?›› የሚለው ደስ የማይል ጥያቄም አይነሣም። ዛሬ በከተማው የበዙትን የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተከራዩ ደግሞ ለረዥም መንገድ ቻርጅ የሚደረግበትን ቦታና ወጪውን አስቀድመው ይነጋገሩ።

ስንት መስጠት ይገባል?

ለታክሲ ሾፌር ከመቶ ይህን ያህል የሚል የተለመደ ሥርዓት እኛ ጋ የለም። ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶቻችን በለመዱት መሠረት ከሂሳቡ ከመቶ 15 እስከ 20 ያሰላሉ፤ እዚያ አገር የሊሞዚን ኩባንያዎች ጉርሻውን ብዙ ጊዜ በደረሰኙ ላይ አስቀድመው ስለሚያካትቱት፣ ጠንቃቃው ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል ደረሰኙን ያነባል። እዚህ እንዲህ ያለ ደረሰኝ ስለማይገጥመን ጉርሻ የምንለው ከሂሳቡ በላይ በፈቃዳችን የምናክለውን ብቻ ነው።

ለአጭር ጉዞ ወደሚቀጥለው ሙሉ ቁጥር ማድረስ ይበቃል። ስልኩ 365 ብር ካሳየ 400 ሰጥቶ ‹‹መልሱን ያዘው›› ማለት ሰጪውንም አይጎዳም፣ ተቀባዩንም አያሳፍርም። 398 ሲያሳይ ግን 400 ሰጥቶ ‹‹ያዘው›› ማለት ጉርሻ አይባልም፤ ሁለት ብር ለመመለስ የሚደክም ሰው ስለሌለ ብቻ የቀረ ሽርፍራፊ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ጊዜ ዝም ብሎ ማመስገን ይሻላል። ለግማሽ ቀንና ለሙሉ ቀን ኮንትራት ከኪራዩ አንድ አሥረኛ ያህል ቢሰጥ በእኔ ግምት መልካም ነው፤ ሾፌሩ የመኪናው ባለቤት ካልሆነ፣ ማለትም ለባለንብረቱ በየቀኑ ገቢ የሚያስገባ ከሆነ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ ማድረግ ይገባል፤ ምክንያቱም ከከፈሉት ኪራይ ለእርሱ የሚተርፈው ጥቂቱ ነው። ‹‹መኪናው የራስህ ነው?›› ብሎ በጨዋታ መጠየቅ ነውር የለበትም።

በብር የተወሰነ ቁጥር በቃል መያዝን አልመክርም። የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዕቃ ዋጋ እንደምናውቀው ሆኗል፤ ቀድሞ ደስ ብሎን የምንሰጠው 50 ብር ዛሬ ተቀባዩ የሚያደርገውን ያሳጣዋል። የማያረጀው መለኪያ የምሳ ዋጋ ነው። ሾፌሩ ባቆመበት ሰፈር አንድ ሰው ሽሮ ወይም ተጋቢኖ በልቶ ቡና የሚጠጣበትን ያህል ለግማሽ ቀን ውሎ ዝቅተኛው ልክ አድርጎ መያዝ ይቻላል፤ ኑሮው ሲወደድ መለኪያውም አብሮ ይወደዳል።

በሚኒባስ ታክሲ ጉርሻ የለም። ባጃጅም ከኮንዶሚኒየሙ በር እስከ ዋናው አስፋልት ለምታደርሰው ሽርፍራፊውን መተው በቂ ነው።

ባዶውን የሚመለስ መኪና

የዳር ነዋሪ ጉርሻ ከመሀል ከተማ ነዋሪ ጉርሻ የሚለይበት ዋናው ነገር ምልሱ ነው። ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት ተሳፋሪ ያደረሰ ሾፌር እዚያው ሌላ ጥሪ ያገኛል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ኮዬ ፈጬ ወይም ለገዳዲ ያደረሰ ግን እስከ ከተማው ድረስ ወንበሩን ባዶ አድርጎ የሚመለስበት ዕድል ብዙ ነው፤ ለዚያ መንገድ ነዳጁንም ሆነ ጊዜውን የሚከፍለው የለም፤ የስልኩ ሂሳብ ተሳፋሪው የወረደበት ቦታ ላይ ያበቃልና። ሾፌሮች ጥሪ ሲቀበሉ ‹‹ወዴት ነዎት?›› ብለው የሚደውሉት፣ መድረሻውን ሲሰሙም የሚሰርዙት በዚህ ስሌት ነው። መሰረዛቸው ተገቢ ነው ማለቴ አይደለም፤ ዝናብ ላይ ሕፃን ታቅፎ የቆመን ሰው አራት ሾፌር ተራ በተራ ሲሰርዝበት ስሌቱን ቢረዳም አይጽናናም። ነገር ግን ሳይሰርዝ የመጣውን ሾፌር ከሌላው ለይቶ ማየት ፍትሕ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ሾፌሩ ከመነሣቱ በፊት ‹‹ምልሴ ባዶ ስለሆነ ይህን ያህል ይጨመርልኝ›› ካለና እርስዎም ከተስማሙ፣ የጨመሩት ዋጋ እንጂ ጉርሻ አይደለም፤ ሲደርሱ ያንን ከፍለው በላዩ ላይ ምንም ባይሰጡ አይወቀሱም። ምንም ሳይጠይቅ ካደረሰዎ ግን ከተለመደው ከፍ ያለ ጉርሻ ይገባዋል፤ የባዶ ምልሱን ነዳጅ በከፊል የሚሸፍን ቢሆን ልክ ነው። መሀል መንገድ ላይ፣ በተለይ ቀለበት መንገዱን አልፈው መውረድ በማይችሉበት ቦታ፣ ጭማሪ የሚጠይቅ ሾፌር ለሦስተኛው ዓይነት ነው የሚመደበው፤ ለእርሱ መተግበሪያው ያሳየውን ብቻ ይክፈሉ፣ ድርጅቱም ጋ ደውለው ያስታውቁ።

የመንገዱም ነገር አለ። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንች ሲጀምር፣ በክረምት ደግሞ ጭቃው ጎማ ሲይዝ ‹‹እዚህ ይውረዱ›› የማይል ሾፌር መኪናውን እየጎዳ ነው የሚያደርስዎ። ያለ አሳንሰር አራተኛ ፎቅ ድረስ ሻንጣ ተሸክሞ የወጣ፣ ወይም በጨለማ የግቢው በር እስኪከፈትልዎ መብራቱን አብርቶ የጠበቀ ሾፌር የሥራ ውሉ ያላስገደደውን አድርጓል። ጉርሻ ለማን ነው ቢባል ለእንዲህ ያለው ነው። የመኪናው ንጽሕናና ሙዚቃው ከዚህ በኋላ ይምጡ።

የወር ደመወዝ ያለው ሾፌር

የግል ሾፌር የሚቀጥሩ ቤተሰቦች በዳር ሰፈሮች በዝተዋል፤ ርቀቱና የልጆች ትምህርት ቤት እንዲያ ያስገድዳል። ለእንዲህ ያለ ሾፌር በየጉዞው ጉርሻ መስጠት አይለመድም፣ ባይለመድም ጥሩ ነው፤ በየቀኑ ሃምሳ ሃምሳ ብር የሚቀበል ሠራተኛ ያልተሰጠው ቀን ያጠፋው ነገር ያለ ይመስለዋል። የሚለመደው በዓልን ጠብቆ መስጠት ነው፦ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለዒድ። አንዳንዱ ዶሮና ዘይት ይሰጣል፣ አንዳንዱ ገንዘብ። እኔ ገንዘቡን እመርጣለሁ፤ የሚያስፈልገውን የሚያውቀው ራሱ ነውና። ዕቃ ከሆነ ግን የሾፌሩን ሃይማኖት ማወቅና በዓሉ ከመድረሱ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ መስጠት ተገቢ ነው፤ በዋዜማው ማታ የተሰጠ ዶሮ ለባለቤቱ ሥራ ነው የሚሆንባት።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ጉርሻን በትርፍ ሰዓት ክፍያ ቦታ ስለመተካት ነው። በብዙ ቤትና ድርጅት ሾፌሩ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ከቆየ በኋላ መቶ ብር ይሰጠውና ነገሩ እንደተዘጋ ይቆጠራል። የድርጅት ሾፌር ከሆነ ይህ የሕግ ጉዳይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ሥራ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከተሠራ የመደበኛው ሰዓት ደመወዝ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። አዋጁ ለትርፍ ሳይሆን ለግል አገልግሎት የተቀጠረን ሠራተኛ አይሸፍንም፤ ስለዚህ የቤት ሾፌር ማታ የሚቆይበት ክፍያ የሚወሰነው በስምምነት ነው። ሕጉ አለመሸፈኑ ግን ስምምነቱን ላለማድረግ ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ በቅጥሩ ቀን ‹‹ከዚህ ሰዓት በኋላ ለየሰዓቱ ይህን ያህል›› ብሎ መወሰን ይቻላል፤ የድርጅቱን ስሌት መነሻ ማድረግም ቀላል ነው። ይህ ከተከፈለ በኋላ የሚሰጠው ነው ጉርሻ የሚባለው። ማታ የሚቆይ ሾፌር የራሱን ቤት በምን እንደሚደርስም ይታሰብበት፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው ከእኛ በሚብስ ዳር ነው።

ከከተማ ውጭ አድሮ ለመመለስ ሲወጣ አልጋውና ምግቡ በማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከአስጎብኚ ድርጅት ወይም ከመኪና አከራይ የመጣ ሾፌር ብዙ ጊዜ ከድርጅቱ አበል አለው፤ ተከራዩ ይህን ጠይቆ ካረጋገጠ ምግብ የመጋበዝ ግዴታ የለበትም፤ መጋበዝ ግን መልካም ነው። ወደ ደብረ ሊባኖስ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ደርሶ ለመመለስ ከሆነ ሾፌሩን አብሮ ማዕድ ላይ ማስቀመጥ በእኛ ባህል የሚጠበቅ ነው። ሾፌሩን መኪናው ውስጥ ትቶ ቤተሰቡ ብቻውን ገብቶ ሲበላ ማየት ለተላላፊውም ያስጠላል። ሆኖም ብቻውን መብላት የሚመርጥ፣ ወይም ሙሉ ቀን ከእኛ ጋር ውሎ ለአንድ ሰዓት ማረፍ የሚፈልግ አለ፤ ይህን የምሳ ገንዘብ ሰጥቶ መሸኘት እርሱንም አያስቀይምም። ጾም መሆኑንም ያስቡ፤ ረቡዕና ዓርብ ክትፎ ቤት ወስዶ ‹‹ብላ እንጂ›› ማለት ግብዣ አይባልም፤ በረመዳን ለሚጾመው ደግሞ የማፍጠሪያው ሰዓት መንገድ ላይ እንዳይዘው መርሐ ግብሩን ማስተካከል ከብዙ ጉርሻ ይበልጣል። ጠላና ጠጅ ግን ምንም ያህል የደግነት ቢሆን ለሚነዳ ሰው አይቀርብም። የተጋበዘው ምሳ የጉርሻውን ቦታ አይወስድም፤ ሁለቱም በየራሳቸው ናቸው።

የሰርግ መኪናና የተዋሰ መኪና

በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባለው የሰርግ ወቅት የሙሽራ መኪና የሚነዳው ሰው ሥራ ከተራ ኮንትራት የተለየ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ አበባ ቤት መኪና ያስጌጣል፤ ከሙሽራው ቤት ወደ ሙሽሪት ቤት፣ ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ፎቶ ቦታ፣ ከዚያ ወደ አዳራሽ ይመላለሳል፤ ከኋላው የሚያጅቡት መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ሲከተሉት እርሱ ቬሎው እንዳይቆሽሽ፣ ካሜራው እንዳያመልጠው ይጠነቀቃል። ጉርሻውን የሚሰጠው ሙሽራው ሳይሆን ከሚዜዎቹ አንዱ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሙሽራ በዚያ ቀን ኪስም ልብም የለውም። ሚዜዎቹ ገንዘቡን ከሰርጉ በፊት አዋጥተው በፖስታ ያዘጋጁት፤ የሚሰጠውም ሾፌሩ ሙሽሮቹን አዳራሽ አድርሶ ሲጨርስ ነው። ማታ ‹‹እንሰጥሃለን›› የተባለው ጉርሻ ጭፈራው ሲደምቅ እንደሚረሳ ሾፌሮች ሁሉ ያውቃሉ። ለአጃቢ ሚኒባሶችና ለኮስተሩ ሾፌር የሙሽራው መኪና ያህል ባይሆንም ድርሻ ይያዝላቸው፤ አዳራሹ ውስጥም መቀመጫና ሳህን ይዘጋጅላቸው፤ ውጭ ቆመው የሚረሱት እነርሱ ናቸው።

ወዳጅ ወይም የሥራ አለቃ ለሰርግ፣ ለለቅሶ ወይም እንግዳ ለመቀበል መኪናውን ከነሾፌሩ ሲያውስ ደግሞ ሁለት ሰው ነው የሚመሰገነው። ለባለቤቱ ገንዘብ ማቅረብ ቅር ያሰኛል፤ መኪናውን ግን ታጥቦ፣ ነዳጁም ከወሰድንበት መጠን ሳይጎድል እንዲመለስ ማድረግ ግዴታ ነው። ለሾፌሩ ጉርሻው የኮንትራት ያህል መሆን አለበት፤ እርሱ ደመወዙን የሚቀበለው ለባለቤቱ እንጂ ለእኛ ለመሥራት አይደለምና፣ ብዙ ጊዜም የሚታዘዘው በዕረፍት ቀኑ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪና ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ጉርሻ ሰጥቶ ለግል ጉዳይ ማስነዳት ስሙ የተለየ ስለሆነ አለመግባት ይሻላል።

በዳር ሰፈር የሚገጥመን አንድ ሌላ ሁኔታ አለ። ሾፌሩ ጎረቤት ነው፤ በአንድ ዕድር ነን፣ ልጆቻችን አብረው ይጫወታሉ። ሌሊት 8 ሰዓት በሩን አንኳኩተን ምጥ የያዛትን ሴት ጤና ጣቢያ ካደረሰልን በኋላ ‹‹ስንት ልክፈል?›› ስንለው ‹‹ኧረ ተይው›› ይላል። በዚህ ጊዜ ገንዘብ እጁ ውስጥ መጨመር ያስቀይመዋል። ነዳጁን ግን እጅ በእጅ ሳይሆን በቴሌብር ‹‹ለነዳጅ ብቻ›› ብሎ መላክ ይቻላል፤ ቀሪውን ለአራስ ጥየቃ ሲመጣ በገንፎ፣ በእርሱም ችግር ቀን በመገኘት መመለስ ነው። ለቀብር ሰው ያመላለሰ የሰፈር ሚኒባስም እንዲሁ ነው፤ ጉርሻ የሚባል ነገር በለቅሶ ቀን አይነሣም፣ የነዳጁን ወጪ ዕድሩ ይሸፍነዋል።

አሰጣጡና ንግግሩ

ጉርሻ የሚሰጠው ሂሳቡ ተከፍሎ ሲያበቃ፣ በቀኝ እጅ ወይም በሁለት እጅ፣ ሌላው ተሳፋሪ ሳያይ ነው። ከኋላ ወንበር በሾፌሩ ትከሻ ላይ አሻግሮ መወርወር ወይም ዳሽቦርዱ ላይ ጥሎ መውረድ የገንዘቡን ዋጋ ያሳጣዋል። ለወጣት ሾፌር ‹‹ወንድሜ፣ ይቺን ለሻይ››፣ ለሴት ሾፌር ‹‹እህቴ፣ ይቺን ያዢልኝ›› ማለት በቂ ነው። በዕድሜ የገፉ ሾፌሮች በተለይ በላዳና በቢጫ ታክሲ ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱ ‹‹ጋሼ፣ ደክመዋል፣ ይቺን ለቡና ያድርጓት›› ብሎ ዝቅ ብሎ መስጠት ይገባል። ‹‹ለልጆችዎ ዳቦ ይግዙባት›› የሚለውን ብዙ ሰው በቅን ልብ ይናገረዋል፤ እኔ ግን ብንተወው እላለሁ፣ ሰውየው ልጆቹን ዳቦ ማብላት ያቃተው አስመስሎ ያቀርበዋልና። ‹‹አያስፈልግም›› ካለ አንድ ጊዜ ‹‹በሞቴ›› ብሎ መለመን ወግ ነው፤ ለሁለተኛ ጊዜ እንቢ ካለ አመስግኖ መውረድ እንጂ መታገል አይገባም።

የዝርዝር ነገር ብዙ ሰው ያበሳጫል። ሂሳቡ 310 ሆኖ ተሳፋሪው ሁለት ባለ 200 ብር ኖት ሲሰጥ ሾፌሩ ‹‹ዝርዝር የለኝም›› ካለ 90 ብሩ በፈቃድ ያልተሰጠ ጉርሻ ሊሆን ነው። ባለ 10፣ ባለ 50ና ባለ 100 ኖቶችን ለይቶ መያዝ ወይም ሂሳቡን በቴሌብር ልክ ከፍሎ ጉርሻውን በጥሬ ገንዘብ መስጠት ይህን ያስቀራል። በጥሬ ገንዘብ ወይም በቀጥታ ወደ ሾፌሩ ስልክ የተላከ ጉርሻ ሌላም ጥቅም አለው፤ በመተግበሪያው ሂሳብ ውስጥ ስለማይገባ የድርጅቱ ኮሚሽን አይነካውም። ሲልኩ በስልኩ ላይ የሚወጣውን ስም ለሾፌሩ አንብበው ካረጋገጡ በኋላ ይጫኑ፤ አንዳንዱ የሚጠቀመው የባለንብረቱን ቁጥር ነው፣ ገንዘቡም ለእርሱ ላይደርስ ይችላል።

ከውጭ የመጣ እንግዳ ዶላር ሊሰጥ ቢል በብር እንዲያደርገው ይምከሩት። ሾፌሩ ያቺን ባለ አንድ ዶላር ወይም ባለ አምስት ዶላር ኖት ይዞ ባንክ ለመሰለፍ ጊዜ የለውም፤ ወደ ሕገ ወጥ መንዛሪ መሄዱም ጣጣ ነው።

የማይሰጥበት ጊዜም አለ። እየነዳ ስልክ የሚጽፍ፣ በዝናብ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ የሚያጣድፍ፣ ሆነ ብሎ መንገድ የሚያራዝም ሾፌር ጉርሻ አይገባውም፤ ምክንያቱን በተረጋጋ ድምፅ መንገር ግን ይገባል፣ ካልተነገረው ቆጣቢ ተሳፋሪ ገጠመኝ ብሎ ያልፋልና። በትራፊክ መጨናነቅ ስለዘገየ፣ ነዳጅ ሰልፍ ስላቆየው፣ መተግበሪያው የተሳሳተ ቦታ ስላሳየው ጉርሻ መከልከል ግን ባላጠፋው መቅጣት ነው። አለመስጠት የፈለገ ሰው ጨርሶ አይስጥ፤ ለማሳፈር ተብሎ አንድ ብር ሳንቲም መወርወር ተሳፋሪውን ራሱን ነው የሚያስንቀው።

የልጆች ሰርቪስ

በወር የሚከፈልለት የተማሪዎች ሰርቪስ ሾፌር በየቀኑ ጉርሻ አይጠብቅም፣ ወላጅም አይሰጥም። የሚገባው ግን ከማንም አያንስም፤ ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምሮ በየኮንዶሚኒየሙ በር እየቆመ ያልነቃውን ልጅ ይጠብቃል። ትምህርት በሰኔ ሲዘጋ በአንድ መኪና የሚሄዱ ልጆች ወላጆች ቢያዋጡና አንድ ሰው ወክለው ቢሰጡት ይመረጣል፤ ለየብቻ ሲሰጥ የሰጠና ያልሰጠ ወላጅ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት የተለየ ፊት እንዳያይ ያሳስባል። ሲዋጣ ረዳቷ እንዳትረሳ፤ ሕፃናቱን እጃቸውን ይዛ የምታሻግረው እርሷ ስለሆነች የእርሷን ድርሻ ለሾፌሩ አደራ ከማለት በተለየ ፖስታ በራሷ እጅ መስጠት ነው። ክረምቱን ሰርቪሱ ስለማይሠራ ሁለቱም ወርኃዊ ገቢያቸው ይቋረጣል፤ መዋጮው የትምህርት መዝጊያው ሳምንት ከማለቁ በፊት እንዲደርሳቸው በግንቦት መጨረሻ መሰብሰብ መጀመር ያስፈልጋል።